በ3ዲ ማተሚያ የተሠራ የካርቦን ኤሌክትሮድ
ለቆሻሻ ውሃ ማጣሪያ

ይህ ጥቁር መረብ መጀመሪያ በብርሃን ከሚጠነክር ፈሳሽ ፕላስቲክ በ3ዲ ማተሚያ፣ ንብርብር በንብርብር ታተመ። ከዚያም አየር በማይገባበት ምድጃ ከስሎ ካርቦን ሆነ፤ መጠኑ በእጅጉ ቢቀንስም ቅርጹን አልለቀቀም።

ቀዳዳዎቹን ቀረብ ብለው ይመልከቱ። ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የወጣ ቀለም ያለው ውሃ በእነዚህ ውስጥ ያልፋል። ኤሌክትሪክ ሲለቀቅ በውሃው ውስጥ የሟሟው ኦክስጅን በካርቦኑ ገጽ ላይ ወደ ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ይለወጣል። ይህም ከጥቂት የሟሟ ብረት ጋር ሲገናኝ የቀለሙን ሞለኪውሎች የሚሰባብር ኃይለኛ ውህድ ይፈጠራል። የአፀግብሮቱን መሠረት እንግሊዛዊው ኬሚስት ሄንሪ ፌንተን በ1894 እ.ኤ.አ. አሳውቋል።

ፐሮክሳይዱ እዚያው ስለሚመረት ይህን አደገኛ ኬሚካል ማጓጓዝና ማከማቸት አያስፈልግም። ቀለሙም ሰውና ከብት ከሚጠጡት ወንዝ ሳይደርስ ከምንጩ ይገታል።