ቁንጭርን ከሥጋ ደዌ የመለየት ታሪክ

ከጎባ ወደ ዶሎ መና የሚወስደው መንገድ፥ ከፍታው ከ4000 ሜትር የሚበልጠውን የሳነቴን አምባ ካቋረጠ በኋላ በቀርቀሃ ደን ወደ ተከበበችው ሪራ ቍልቍል ይወርዳል። ፊቱ ላይ እብጠት ወይም አልሽር ያለ ቁስል የወጣበት የሪራ ነዋሪ ወደ ጎባ ሆስፒታል ለመድረስ ይህንኑ ብርዳም አምባ መውጣት ግድ ይሆንበታል። ይሁን እንጂ ከመንገዱ ይልቅ የሚከብደው ከሐኪሙ ዘንድ ከደረሰ በኋላ የሚነሣው ጥያቄ ነው፤ ይኸውም «ይህ ቁስል ምንድን ነው?» የሚለው ነው።

በደጋው አገር ፊት ላይ የሚወጣ ቁስል ምንጩ ብዙ ነው። የቆዳ ሳንባ ነቀርሳ፥ ፈንገስ፥ የቆዳ ካንሰር፥ ሥጋ ደዌ ወይም ቁንጭር ሊሆን ይችላል። ሕዝቡ ከሐኪሞች አስቀድሞ ቁንጭርን ለይቶ ስም አውጥቶለታል፤ በትግርኛ ጊዝዋ፥ በጋሞዋ ኦቾሎ ደግሞ ቦልቦ ይሉታል። በአንድ ቦታ የተወሰነው ቁንጭር ብዙውን ጊዜ ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ ጠባሳ ጥሎ በራሱ ይሽራል። ነገር ግን በሽታው በመላ ፊት ሲሠራጭና ጆሮን ሲያሳብጥ መልኩ ሥጋ ደዌን ይመስላል። አንድ ሰው «ሥጋ ደዌ ይዞታል» ከተባለ ከጋብቻም ከማኅበርም ይገለል ስለ ነበር፥ የመለየት ስሕተት ዋጋው ከሕክምናው ወሰን አልፎ የሰውን ኑሮ ያፈርስ ነበር።

የበሽታው ጥገኛ ተሐዋሲ ለሳይንስ በሰፊው የታወቀው ዊልያም ሊሽማንና ቻርልስ ዶኖቫን የምርምር ውጤታቸውን በየፊናቸው በ1903 እ.ኤ.አ. ካሳተሙ በኋላ ነው (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ስለ ኢትዮጵያው ቁንጭር ከተጻፉት ቀደምት ማስረጃዎች አንዱ ማርቶሊዮ በ1913 ያቀረበው ነው። በመላ ሰውነት የሚሠራጨው ዓይነት ግን በኢትዮጵያ ራሱን የቻለ በሽታ ሆኖ የተገለጸው በ1960 ባልዘርና ባልደረቦቹ ባሳተሙት ጽሑፍ ነበር። በ1965 አለርት በአዲስ አበባ ሲቋቋም የሥጋ ደዌ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ተገኘ፤ አንቶኒ ብራይሰንም በ1969 ስለዚሁ የተሠራጨ ቁንጭር ዝርዝር ጥናት አሳተመ።

የመለያው ዘዴ ረቂቅ አይደለም። ሥጋ ደዌ ነርቭን ስለሚጎዳ በሽተኛው በተጎዳው ቆዳ ላይ መነካትን ወይም ሙቀትን ላይለይ ይችላል፤ ነርቮቹም ያብጣሉ። በቁንጭር ግን ስሜት እንደ ተጠበቀ ይቆያል። ከቁስሉ ጠርዝ ተፍቆ የተወሰደው ናሙና ጂምሳ በሚባለው ቀለም ተነክሮ በማይክሮስኮፕ ሲታይ፥ ከአንድ ሚሊሜትር ሺህኛ እጅ ከ2 እስከ 4 የሚሆኑ ሞላላ ተሐዋስያን ይገኛሉ። የሥጋ ደዌ ባክቴሪያ ግን ዚል ኔልሰን በተባለው ሌላ ቀለም ቀይ ዘንግ መስሎ ይታያል። ካንሰር ከተጠረጠረ ከቁስሉ ሥጋ ቆርጦ መመርመር ያስፈልጋል።

የበሽታው ምንጭም ቀስ በቀስ ተገለጠ። በእንዶድ ምርምሩ የታወቀው አክሊሉ ለማ ከባልደረቦቹ ጋር በ1969 የደጋውን ቁንጭር ሥርጭት መርምሮ አሳተመ። በ1973 አሽፎርድ፥ ብሬይና ጓደኞቻቸው በወሎው ኩታበርና በኦቾሎ ባደረጉት ጥናት ተሐዋሲው በገደል በሚኖረው ሽኮኮ ዘንድ እንደሚቆይና የአሸዋ ዝንብ ወደ ሰው እንደምታስተላልፈው አሳዩ፤ በዚያው ዓመት ሊሽማንያ ኤቲዮፒካ የሚል ስም ተሰጠው። ስለዚህ ሽኮኮና ገደል ከመንደር በሚጎራበቱበት በማንኛውም ደጋ፥ በባሌ ተራሮችም ጭምር፥ ሐኪም ሕመምተኛውን ስለ መኖሪያው መጠየቁ የምርመራው አንድ ክፍል ነው።

ሕክምናው እንደ ምርመራው ውጤት ይለያያል። ለቁንጭር አንቲሞኒ ያለበት መድኃኒት በመርፌ ይሰጣል፤ ትናንሽ ቁስሎችንም የሙቀት መጠኑ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ በሆነ ፈሳሽ ናይትሮጂን ማቀዝቀዝ ይቻላል። ሁለቱም በስልጢ ተሞክረው ውጤቱ በ2012 ታትሟል። የተሠራጨው ዓይነት ግን እጅግ እልኸኛ ነው፤ ከዳነ በኋላም ሊመለስ ይችላል። ለሥጋ ደዌ የዓለም ጤና ድርጅት በ1981 ያጸደቀው የተቀናጀ መድኃኒት ይሰጣል፤ ካንሰር ደግሞ በአብዛኛው በቀዶ ሕክምና ይወገዳል። አንዱን በሌላው መድኃኒት ማከም ትርፉ ጊዜ ማባከን፥ ካንሰር ከሆነም ሕይወትን ለአደጋ ማጋለጥ ነው።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። መድኃኒቱ ከመቅረቡ በፊት መለያው መቅረብ አለበት። ለዚህም የሚያስፈልገው አንድ ማይክሮስኮፕ፥ ጥቂት ቀለምና የሠለጠነ ዓይን ነው። እነዚህ በየወረዳው በተገኙ ቁጥር አንድ ሰው ባልያዘው በሽታ ስም ከወገኖቹ የሚለይበት ዘመን ያጥራል።