ጆሮ ጠቢው ስዊች፦ የመልቲካስት አጭር ታሪክ

እስቲ አስቡት። በአንድ ትምህርት ቤት 200 ኮምፒውተሮች አሉ፤ 30ዎቹ አንድ ዓይነት የቀጥታ ስርጭት እያዩ ነው። ላኪው ያንኑ ቪዲዮ 30 ጊዜ ደጋግሞ ቢልከው መስመሩ ይጨናነቃል። እንደ እድር ጥሩምባ ነፊ ለሁሉም ቢለፍፈው ደግሞ ያልፈለጉት 170ዎቹም ይረበሻሉ። ታዲያ ምን ይሻላል?

በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መልሱን የቀየሰው በአሜሪካ፣ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ተማሪ የነበረው ስቲቭ ዲሪንግ ነው። ላኪው አንድ ጊዜ ብቻ ለ"ቡድን አድራሻ" ይልካል፤ የፈለገ "እኔም አለሁበት" ብሎ ይመዘገባል፤ ቅጂው የሚባዛው መንገዱ ሲከፈል ብቻ ነው። ይህ መልቲካስት ይባላል፤ መመዝገቢያው ቋንቋ ደግሞ አይጂኤምፒ። ደንቡ በ1989 አርኤፍሲ 1112 ተብሎ ወጣ። በመጋቢት 1992 ሳንዲያጎ ላይ የተደረገ የኢንተርኔት መሐንዲሶች ስብሰባ ድምፅ በዚሁ ዘዴ በ3 አህጉራት ወደሚገኙ 20 ቦታዎች ተላለፈ።

ግን አንድ ጣጣ ቀረ። ስዊች ማን በየትኛው ፖርት እንዳለ የሚያውቀው የላኪዎችን አድራሻ እያየ ነው። የቡድን አድራሻ ደግሞ ሁልጊዜ ተቀባይ እንጂ ላኪ ሆኖ አይመጣም። ስለዚህ ስዊቹ በጭራሽ አይማረውም፤ የማያውቀውን ደግሞ በሁሉም ፖርት ይለቀዋል። ያ ሁሉ ቁጠባ ደጃፍ ላይ ሲደርስ ገደል ገባ ማለት ነው!

የተገኘው መላ ስዊቹን ጆሮ ጠቢ ማድረግ ነበር፤ አይጂኤምፒ ስኑፒንግ ይሉታል። ስዊቹ ኮምፒውተሮች ለራውተሩ የሚልኩትን የ"ልግባ" እና የ"ልውጣ" መልእክት ሰርቆ እየሰማ፣ ቪዲዮውን ለጠየቁት ብቻ ያሳልፋል። ነገሩ ትንሽ ድፍረት ነበረበት፤ ስዊች የተሠራው ፖስታው ላይ ያለውን አድራሻ እንዲያይ እንጂ ከፍቶ እንዲያነብ አልነበረም። አምራቾች አስቀድመው ሲሠሩበት ቆይተው፣ ምክሮቹ በአርኤፍሲ 4541 ተጠቃለው የወጡት በ2006 ነው።

ጆሮ ጠቢ ግን የሚሰማው ወሬ ይፈልጋል። በተለመደው አሠራር ራውተሩ በየ125 ሰከንዱ "አሁንም የምትፈልጉ አላችሁ?" ብሎ ይጠይቃል። ጠያቂ ከሌለ መላሽ የለም፤ መላሽ ከሌለ ስዊቹ ከ260 ሰከንድ በኋላ ስማቸውን ይሰርዛል። ያኔ ደህና ሲታይ የነበረው ቪዲዮ ከ4 ደቂቃ ትንሽ አለፍ ብሎ ድንገት ቀጥ ይላል።

እንዲህ ያለ ነገር ከገጠማችሁ ገመዱን ከመነቃቀላችሁ በፊት አንድ ነገር አጣሩ፦ እዚህ መረብ ላይ ጠያቂው ማነው?