የመተማ በር፤ ስለ ኬላ፣ ስለ ቀረጥና ስለ መንገድ

መንግሥት ገቢውን ለማሳደግ በአውራ ጎዳና የሚያልፈውን ተሽከርካሪ ማስከፈል ይገባዋል ወይስ አይገባውም የሚለው ክርክር የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ በ2007 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ በአገራችን እንደ አዲስ ነገር ሲነሣ ይሰማል። ጥያቄው ግን አዲስ አይደለም። ከጎንደር ተነሥቶ በጭልጋና በወህኒ አልፎ ወደ መተማ ቆላ፣ ከዚያም ወደ ሱዳን ሜዳ የሚወርደው የሲራራ መንገድ ለረጅም ዘመን ሲጠይቀው የኖረ ጥያቄ ነው። ነጋዴው ለማን ይከፍላል? ስንት ጊዜ ይከፍላል? በከፈለውስ ምን ያገኛል?

በፊውዳላዊው ሥርዓት ኬላ የሚቆመው መንገደኛው ሊሸሸው በማይችልበት ስፍራ ነበር። የተራራ አንገት፣ የወንዝ መሻገሪያ፣ የደጋና የቆላ መገናኛ ሁሉ ለገዥው እንደ እርሻ መሬት ምርት የሚሰጥ ርስት ነው። ነጋድራስ የተባለው የነጋዴዎችና የቀረጥ ሹም በየዓመቱ ለገዥው የተወሰነ ብር ለማስገባት ተዋውሎ ሥልጣኑን ይይዛል፤ ከውሉ በላይ የሚሰበስበው ለራሱ ነው። በዚህ አሠራር ቀረጡን የሚወስነው ሕግ ሳይሆን የተሿሚው ጥማት መሆኑ ግልጽ ነው። ነጋዴው ጭነቱን ያወርዳል፤ ያስቆጥራል፤ ይከራከራል፤ እጅ መንሻ ያቀርባል፤ መልሶ ይጭናል። ጥቂት ቀን ከተጓዘ በኋላ ሌላ ገዥ፣ ሌላ ኬላ ይጠብቀዋል። (እዚህ ላይ የተጠቀሰው ወህኒ የደገኛና የቆለኛ ነጋዴ የሚገናኝበት የጠረፍ ገበያ ነው፤ የነገሥታት ልጆች ይታሰሩበት ከነበረው ከአምባ ወህኒ ጋር መምታታት የለበትም።)

በዚያ መንገድ ከደቡብ የመጣ ቡና፣ ዝባድ፣ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስና ሰም ይወርዳል፤ በአንጻሩ የጥጥ ጨርቅና የማርያ ቴሬዛ ብር ይወጣል። ሰውም እንደ ዕቃ ተነድቶ ወርዶበታል። በኬላው ላይ በቅሎውና ባሪያው በአንድ ዓይን ታይተው በነፍስ ወከፍ ይቀረጥባቸው ነበር። ይህን ሳያነሡ ስለ ጥንቱ ንግድ ድምቀት ብቻ መናገር ታሪክን መሸፈን ይሆናል። ሌላም የሚዘነጋ ነገር አለ። ቀረጡን በእጁ የሚቆጥረው ነጋዴው ቢሆንም በመጨረሻ የሚከፍለው እርሱ አይደለም። አምስት ኬላ የሚጠብቀው ነጋዴ ሰሙን ከደጋው ገበሬ በርካሽ ይገዛል፤ ጨርቁን ለዚያው ገበሬ በውድ ይሸጣል። ኬላ አይቶ የማያውቅ ገባር የኬላን ዋጋ በቤቱ ተቀምጦ ይከፍል ነበር።

ይሁንና ኬላ ሁሉ ዘረፋ ብቻ ነበር ማለት ነገሩን ማቅለል ነው። ቀረጥ የተቀበለ ገዥ ነጋዴው በግዛቱ ውስጥ በሰላም እንዲያልፍ ኃላፊነት እንዳለበት ይታሰብ ነበር። የከፈለ ሰው ሸኚ ያገኛል፤ ሸቀጡ ቢነጠቅ አቤት የሚልበት ደጅ አለው። መሳፍንቱ እርስ በርስ ሲፋጁ ግን የዚህ ውል አንዱ ወገን ፈረሰ። መክፈሉ ቀረ፤ ጥበቃው ጠፋ ቢባል ይሻል ነበር። የሆነው ግን ሌላ ነው፤ ጥበቃው ሲጠፋ መክፈሉ በዛ።

ይህን በሁለቱም ወገን ቆሞ ያየው የቋራው ካሣ ኃይሉ ነው። ካሣ በቆላው ሲሸፍት የሲራራ ነጋዴ ጭነት የሠራዊቱ ስንቅ ነበር። በ1840 ዓ.ም. ደባርቂ ላይ ከግብፅ ጦር ጋር ገጥሞ በመድፍ ኃይል የተሸነፈውም ይህንኑ የጠረፍ ምድር ሲያስስ ነው። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ከነገሡ በኋላ ከወሰዷቸው የመጀመሪያ እርምጃዎች አንዱ ኬላዎችን መቀነስ ሆነ። የእንግሊዙ ቆንስል ዋልተር ፕላውደን ለመንግሥቱ በጻፈው ሪፖርት፣ ንጉሡ በነጋዴ ላይ የሚደርሰውን አላግባብ ማስከፈል አስቀርተው ቀረጥ በግዛታቸው ውስጥ በ3 ስፍራ ብቻ እንዲሰበሰብ ማዘዛቸውን አመልክቷል። የትናንቱ ቀማኛ የመንገድን ሕመም ከማንም በላይ ማወቁ አያስደንቅም። አዋጁን የሚያጸና ሰላም ግን አልተገኘም። ፕላውደን ራሱ በ1852 ዓ.ም. በጎንደር አቅራቢያ ሲጓዝ በዐመፀኞች ተይዞ ቆሰለና ሞተ።

መተማ በበኩሏ በዚያ ዘመን የሁለት ጌታ ገባር ነበረች። ከዳርፉርና ከዚያም ማዶ ከምዕራብ አፍሪካ መጥተው የሰፈሩት ተክሩሪዎች ገበያውን ይዘው፣ ሼኻቸው ለኢትዮጵያም በሱዳን ለተቀመጠው የግብፅ አገዛዝም ግብር ይገብር ነበር። ለአንዱ ብቻ ቢገብር ሌላው ያቃጥለዋል፤ ለሁለቱም ቢገብር ገበያው ይቆያል። ይህ የፈሪ ብልሃት ሳይሆን የጠረፍ ሰው የሒሳብ ዕውቀት ነው።

የበሩ ጉዳይ ወደ ደም የተለወጠው በዐፄ ዮሐንስ ዘመን ነው። ንጉሡ ለዓመታት ሲጨነቁበት የነበረው አንድ ነገር በግብፅ እጅ የነበረው የምጽዋ በር ነው። ግንቦት 27 ቀን 1876 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ ከእንግሊዝና ከግብፅ ጋር በተፈረመው ውል የኢትዮጵያ ዕቃ፣ የጦር መሣሪያ ጭምር፣ በምጽዋ በነፃ እንዲያልፍ ቃል ተገባ። በምላሹ ንጉሡ በመሐዲስቶች የተከበቡት የግብፅ ጦሮች በኢትዮጵያ በኩል እንዲወጡ ረዱ፤ የገላባት ጦርም በዚሁ መንገድ ወጣ። ውሉ ከተፈረመ 8 ወር ገደማ ሲሆነው ኢጣልያ ምጽዋን ያዘች፤ እንግሊዝም ዝም አለች። ንጉሡ ነፃ በር ሳያገኙ አዲስ ጠላት አተረፉ። በጥር 1880 ዓ.ም. ድርቡሽ ጎንደር ገብቶ አቃጠለ፤ መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ቆሰሉና በማግሥቱ ዐረፉ። ለጦርነቱ ሌላም ብዙ ምክንያት አለው። ነገር ግን በአንዱ በር ከቀረጥ ነፃ ለመውጣት የተገባው ቃል ንጉሡን ወደ ሌላው በር እንዳደረሳቸው መካድ አይቻልም። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. በዐፄ ምኒልክና በእንግሊዝ መካከል የተፈረመው የወሰን ውል ገላባትን ወዲያ፣ መተማን ወዲህ አደረገ።

ከመተማ ጦርነት ሙታን አንዱ የገብረ ሕይወት ባይከዳኝ አባት ናቸው። ልጁ በውጭ አገር ተምሮ ተመልሶ በድሬዳዋ የጉምሩክ ሹም፣ ነጋድራስ ሆነ፤ ከሞተ በኋላ በ1916 ዓ.ም. የታተመውን «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የተባለውን መጽሐፍም ጻፈ። የንጉሥ ገንዘብና የመንግሥት ገንዘብ ተለይቶ እንዲታወቅ፣ ሹሙም ከሕዝብ በሚወስደው ሳይሆን በደመወዝ እንዲያድር የጠየቀው ይህ ሰው ነጋድራስነትን ከውስጥ ያየ ሰው መሆኑ ጥያቄውን ያከብደዋል። ኬላን ከመንገድ ክፍያ የሚለየውም በዋናው ነገር ይኸው ነው።

የዛሬው ክርክር በዚህ ሚዛን ቢታይ ይጠራል። ወደ 85 ኪሎ ሜትር በሚሆነው የአዲስ አበባ–አዳማ መንገድ የሚከፍል ሰው ፍጥነት ይገዛል፤ የማይፈልግ በቢሾፍቱ በኩል በአሮጌው መንገድ ይሄዳል። ከድሬዳዋ ወደ ደወሌ 220 ኪሎ ሜትር ያህል የሚዘረጋው የክፍያ መንገድ ግን እንዲህ ያለ አማራጭ በጎኑ የለውም፤ እንዲህ ያለው ክፍያ በጠባዩ ወደ ድሮው የተራራ አንገት ይጠጋል። ከ1989 ዓ.ም. ጀምሮ በመንገድ ፈንድ አዋጅ መሠረት ነዳጅ የሚገዛ ሁሉ ለመንገድ ጥገና በሊትሩ ላይ እንደሚከፍልም አይረሳ። ሹፌሩ ገና በሩ ሳይደርስ አንድ ጊዜ ከፍሏል።

ከአዘዞ በገንዳ ውኃ ወደ መተማ ዮሐንስ የሚወርደው አስፋልት ሰሊጥና ጥጥ የሚወጣበት፣ ለብዙ ዓመታትም ከሱዳን የተገዛ ቤንዚን የገባበት መንገድ ነው። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ሲፈነዳ ስደተኛው በዚሁ በር ገባ። በዚያው ዓመት ሐምሌ መጨረሻ ላይ በአማራ ክልል ጦርነት ሲነሣ መንገዱ ራሱ ታመመ። ታጣቂ ያግታል፤ ቤተሰብ ለታጋች ማስለቀቂያ ንብረቱን ይሸጣል፤ በየስፍራው ገመድ የሚወጥር ሰው ይቆማል። በእንዲህ ያለ መንገድ ላይ መንግሥት ሕጋዊ የክፍያ ጣቢያ ቢተክል ጣቢያው ከገመዶቹ አንዱ ሆኖ ይቆጠራል፤ ደረሰኝ ስለቆረጠ ብቻ አይለይም። ክፍያው ተገቢ የሚሆነው ሌላው ገመድ ሁሉ ሲፈታ፣ የተሰበሰበውም ተመልሶ በዚያው መንገድ ላይ ሲታይ ነው። እስከዚያ ድረስ ሰሊጥ የጫነ ሹፌር ከገንዳ ውኃ ሲነሣ ከፊት የመጣውን ባልደረባውን አቁሞ መንገዱ እንዴት እንደ ዋለ ይጠይቃል፤ ሲራራ ነጋዴውም በዚያው ቆላ ይጠይቀው የነበረው ይህንኑ ነው።