«አንፋውንድድ»፦ የአንድ ቃል ሦስት ቁራጮች

ሂልብሮው የሚለው የጆሃንስበርግ ሰፈር ስም ከሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት የተገጠመ ነው፤ «ሂል» ኮረብታ፣ «ብሮው» ቅንድብ። እንግሊዝኛ የኮረብታ ቅንድብ የሚለው ቦታ በአማርኛ አፋፍ ነው። ስሙ በእንግሊዝኛ ሁለት ቀለም አለው፤ ቀለም ማለት በአንድ የድምፅ ግፊት የሚወጣ የቃል ቁራጭ ነው። በግዕዝ ፊደል ሲጻፍ ግን አምስት ሆሄ ይፈጃል። የአማርኛ አንደበትም «ብ»ን ከ«ሮ» ጋር ስለማያጣብቅ ብዙ ጊዜ ሦስት ቀለም ያደርገዋል፦ ሂል-ብ-ሮው።

ቃል መቁረጥ ለእንግሊዝኛ መምህራንም ቀላል አልነበረም። የቆዩ መማሪያዎች «ኔሽን»ን እንደ አጻጻፉ ና-ቲ-ኦን ብለው በሦስት ይከፍሉት ነበር። አሜሪካዊው ኖኅ ዌብስተር እ.ኤ.አ. በ1783 ባሳተመው መማሪያ መጨረሻውን አንድ ቀለም አደረገው፤ ጆሮ ዓይንን አሸነፈ።

ትርጉምም የራሱ መቁረጫ አለው፤ ሁለቱ ደግሞ ሁልጊዜ አይስማሙም። አማርኛ «አልተመሠረተም» ሲል የአሉታው «ም» ከግሡ «ተ» ጋር በአንድ ቀለም ይወጣል፦ አል-ተ-መ-ሠ-ረ-ተም። ሰዋስው የለያቸውን አፍ ያጋባቸዋል።

ይህ የቋንቋ ተማሪ ጨዋታ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። የደቡብ አፍሪካ የስደተኞች ሕግ (ቁጥር 130፣ እ.ኤ.አ. 1998) ውድቅ የሚሆን የጥገኝነት ማመልከቻን «አንፋውንድድ» ይለዋል። «አን» ነባር የእንግሊዝኛ አፍራሽ ነው፤ መጨረሻው «ድ»ም እንዲሁ። መሐሉ ግን አታላይ ነው። «ፋውንድ» ሲሰማ «አገኘ» ይመስላል፤ የዚህኛው ሥር ግን እ.ኤ.አ. ከ1066 የኖርማኖች ወረራ ወዲህ በፈረንሳይኛ በኩል የገባው፣ መሠረት ማኖርን የሚያመለክተው የላቲን ቃል ነው። ቀለሙን ቢቆጥሩት ልዩነቱ አይታይም፤ በሁለቱም ትርጉም ሦስት ነው። «አልተገኘም» ብሎ የተረዳ ሰው የጠፋ ፋይል ይፈልጋል፤ መልሱ ግን «ማመልከቻህ መሠረተ ቢስ ነው» የሚል ነበር።

ከፊቱ «ማኒፌስትሊ» (በግልጽ) የሚል ባለ አራት ቀለም ቃል ሲጨመርበት ደግሞ መንገዱም ይለወጣል። ሕጉ ሲወጣ በዘረጋው ሥርዓት ተራውን «አንፋውንድድ» የተቀበለ አመልካች ራሱ ይግባኝ ይጠይቃል፤ የሌላው ውሳኔ ለቋሚ ኮሚቴ ክለሳ ይላካል።