ወፍጮና የአረጋውያን ማዕድ

የምግብ ታሪክ ሲነሣ ዘወትር የሚወሱት ገበሬውና ሐኪሙ ናቸው፤ በመካከላቸው የቆመው መሐንዲስ እምብዛም አይጠቀስም። ሆኖም እህል ከጎተራ ወጥቶ ከማዕድ እስኪደርስ በማሽን ውስጥ ያልፋልና፣ የማሽኑ አሠራር የተመጋቢውን ጤንነት፣ በተለይም የአረጋውያንን፣ በእጅጉ ይነካል። የስንዴ ወፍጮ ታሪክ ለዚህ በቂ ምስክር ነው።

በድንጋይ ወፍጮ የተፈጨ ስንዴ ቢነፋም እንኳ ከገለፈቱና ቡቃያው ከሚወጣበት የፍሬው ክፍል ብዙውን ይዞ ይቀራል። ይህ ሁኔታ መለወጥ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1870ዎቹ ነው። በቡዳፔስት የጋንዝ ፋብሪካ መሐንዲስ የነበረው አንድራሽ ሜክቫርት፣ ፋብሪካው የባቡር መንኰራኩር ይሠራበት የነበረውን ጠንካራ ብረት ለወፍጮ ሮለር አዋለው። በተለያየ ፍጥነት የሚሽከረከሩት ጥንድ ሮለሮች ፍሬውን ከመደቆስ ይልቅ ፈልቅቀው ስለሚከፍቱት፣ ፉርሽካው በሰፋፊው ተላጦ በወንፊት ይለያል፤ ዘይት ያዘለው የቡቃያው ክፍልም ተጠፍጥፎ አብሮ ይወጣል። ዘይቱ በመወገዱም ዱቄቱ ሳይበላሽ ለረጅም ጊዜ ይቀመጣል። ለንግድ ታላቅ ድል ነበር። ነገር ግን የቢ ቪታሚኖች፣ የብረት ማዕድንና የፋይበር ዋናው ድርሻ የከብት መኖ ሆነ።

ጉድለቱን ለማረም ሁለት መንገዶች ታዩ። እንግሊዞች በጦርነቱ ወቅት የመርከብ ጭነት ለመቆጠብ ሲሉ በ1942 ከ100 ኪሎ ስንዴ 85 ኪሎ ዱቄት እንዲወጣ አዘዙ፤ ከገለፈቱም ከፊሉ በዱቄቱ ውስጥ ቀረ። አሜሪካኖች ደግሞ በ1940ዎቹ መጀመሪያ ነጩን ዱቄት እንዳለ ትተው ጥቂት የቢ ቪታሚኖችንና ብረትን ጨመሩበት። በ1953 እንግሊዝም ወደዚሁ መንገድ ገባች።

የተመለሰው ግን ከተወሰደው ያነሰ ነበር፤ ፋይበሩ አልተመለሰም። በኡጋንዳ ለረጅም ዓመታት ያገለገለው ሐኪም ዴኒስ በርኪት ከባልደረባው ከኒል ፔንተር ጋር በ1971 ባሳተመው ጽሑፍ፣ በምዕራብ አገሮች ሽማግሌዎች ላይ የሚበዛውና በትልቁ አንጀት ግድግዳ ላይ ከረጢት የሚያወጣው በሽታ በአፍሪካ ብርቅ የሆነው በፋይበር ብዛት ነው ሲል ተከራከረ። ስለ በሽታው መነሻ እስከ ዛሬ ክርክር ቢኖርም፣ ፋይበር አረጋውያንን የሚያስቸግረውን የሆድ ድርቀት እንደሚያቃልል የታወቀ ነው።

ሌላው ትምህርት የመጣው ከፎሊክ አሲድ ነው። አሜሪካ ሕፃናት በአከርካሪ ጉድለት እንዳይወለዱ ከ1998 ጀምሮ በ100 ግራም ዱቄት 140 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ እንዲጨመር ደነገገች፤ ዓላማውም ተሳካ። መጠኑ ሲወሰን ግን አረጋውያንም መታሰብ ነበረባቸው። በእርጅና የጨጓራ አሲድ ሲቀንስ ብዙዎች በምግብ ውስጥ ያለውን ቪታሚን ቢ12 በሚገባ መውሰድ ያቅታቸዋል። ከመጠን ያለፈ ፎሊክ አሲድ ደግሞ በእጥረቱ የሚመጣውን የደም ማነስ ሰውሮ የነርቭ ጉዳቱ ሳይታወቅ እንዲቀጥል ያደርጋል የሚል ስጋት ነበር። ለወጣት እናት የታሰበ ዱቄት በአያቲቱም ማዕድ ላይ ይቀርባልና ስጋቱ ቀላል አልነበረም።

በአገራችን የስንዴ ዱቄትንና የምግብ ዘይትን በንጥረ ምግብ ማበልጸግ እ.ኤ.አ. በ2022 ግዴታ ሆኗል። ጤፍ ፍሬዋ እጅግ ደቃቅ በመሆኗ ከነገለፈቷ ትፈጫለች፤ በዚህ ረገድ እንጀራ ከፉርኖ ዳቦ ይሻላል። ይሁን እንጂ ቢ12 ከሥጋ፣ ከዓሣ፣ ከእንቁላልና ከወተት እንጂ ከእህል አይገኝም፤ ስለዚህ ረጅም ጾም የሚጾሙ አረጋውያን ጉዳይ ልዩ አሳብ ይሻል። ዕድሜ ሲገፋ የሚበላው መጠን ይቀንሳል፤ የሚያስፈልገው ፕሮቲንና ቪታሚን ግን አይቀንስም። ጥርስ ሲደክምም አጥሚቱ፣ ገንፎውና በሶው ይፈለጋሉ፤ እነዚህ ሁሉ የወፍጮ ውጤቶች ናቸው።

እንግዲህ የዱቄት ፋብሪካ የሚነድፍ ባልደረባችን ስለ ምርት ብዛትና ስለ ዱቄት ንጣት ብቻ መጠየቁ አይበቃም። ከወንፊቱ በላይ የቀረው ምን እንደሆነ፣ ከሥሩ የወረደውንም ማን እንደሚመገበው ማወቅ የሙያው ግዴታ ነው።