አያቴ ፈረስ የገዙበት ዓመት

ዳንግላ፣ እናቴ ቤት፣ የአያቴ የማስታወሻ ደብተር አለ። ባለፈው ጥር ለፈረሰኞች በዓል እንጅባራ ስሄድ ጎራ ብዬ ገጾቹን በስልኬ ፎቶ አነሳኋቸው። እንጀራዬ ኮድ መጻፍ ስለሆነ ማስታወሻዎቹን በየቀናቸው የሚደረድር ትንሽ ፕሮግራም ሠራሁ። ፕሮግራሙ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? አያቴ ፈረስ የገዙት ዘንድሮ ነው!

ደብተሩ ላይ ያለው እንዲህ ነው፦ «ጥር ጊዮርጊስ፣ ማክሰኞ፣ ዘመነ ዮሐንስ፣ ዳማ ፈረስ ገዛሁ።» ዓመተ ምሕረት የለውም። እኔ «ጥር 23» ብዬ አስገባሁና ዓመቱን ባዶ ተውኩት። ፕሮግራሙ ባዶውን በያዝነው ዓመት ሞላው። ይሄ የኔ ብቻ ችግር አይደለም። በፓይተን ቀን ለማንበብ በብዛት የምንጠቀምበት ዴትዩቲል የጎደለውን ከዛሬው ቀን ወስዶ ይሞላል። ጃቫስክሪፕት ደግሞ ዓመት ብቻ ስትሰጡት ጃንዋሪ 1 ያደርገዋል። ሁለቱም «ይሄ ግምት ነው» አይሉም።

በቤታችን ሲወራ የኖረው አያቴ ፈረሱን የገዙት በ1932 ነው ተብሎ ነው። ዓመቱ ለአዊ ሰው ትልቅ ነው፤ የአገው ፈረሰኞች ማኅበር የተመሠረተበት ነው። በአድዋ የዋሉትን ፈረሶችና ፈረሰኞች ለማሰብ ይኸው እስከ ዛሬ በየዓመቱ ጥር 23 ይከበራል።

እስቲ 1932ን ብቻውን ለኮምፒውተር ስጡት። የፈረንጅ 1932 ያደርገዋል። ያ ማለት ጣሊያን ገና አልወረረንም። የኛ 1932 ግን በፈረንጅ ከ1939 መስከረም እስከ 1940 መስከረም ነው፤ ጣሊያን አገሩን ይዞ ተቀምጧል። አንዲት ያልተጻፈች «ዓ.ም.» ማኅበሩን ከወረራው ዘመን አውጥታ ከወረራው በፊት ታስቀምጠዋለች። ያ ታሪክ ማበላሸት ነው።

ወደ አያቴ ልመለስ። ጎደሎ ነው ያልኩት ቀን ለካ ጎደሎ አልነበረም! ጊዮርጊስ ወር በገባ በ23 ነው። ዘመኑ በማቴዎስ፣ በማርቆስ፣ በሉቃስና በዮሐንስ ይዞራል፤ ዓመተ ምሕረቱ ለ4 ሲካፈል ቀሪ ከሌለው ዮሐንስ ነው። ስለዚህ 1928፣ 1932፣ 1936፣ 1940 እያለ ይሄዳል። ቀኑን ቆጠርኩ። ጥር 23 በ1928 ቅዳሜ፣ በ1932 ሐሙስ፣ በ1936 ማክሰኞ፣ በ1940 እሁድ ነው የዋለው። ዘመኑም ቀኑም አንድ ላይ ተመልሶ የሚገጥመው በ28 ዓመት ነው። በ1908 አያቴ አልተወለዱም፤ በ1964 ደግሞ አርፈዋል። ስለዚህ ፈረሱ የተገዛው በ1936 ነው፤ ጣሊያን ከወጣ በኋላ፣ ማኅበሩ ከተመሠረተ ከ4 ዓመት በኋላ።

ለእናቴ ስነግራት ቅር አላት። «ያንተ ኮምፒውተር ከአባቴ ይበልጣል?» አለችኝ። «አይ እማዬ፣ ማክሰኞ ብለው የጻፉት እኮ ራሳቸው ናቸው» አልኳት። ዝም አለች። ቆየት ብላ «እንግዲያው ጥጋብ በሆነ ጊዜ ነው የገዛው» ብላ ሳቀች።

ፕሮግራሙን አሁን አስተካክዬዋለሁ። ዓመት፣ ወር፣ ቀን፣ ዕለትና ዘመን ለየብቻ ይቀመጣሉ። የየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ይጻፋል። ያልታወቀው ባዶ ይቀራል፤ የአያቴ ቃል እንዳለ ከጎኑ ይቀመጣል። ለዚህ ዓለም አቀፍ ደንብም አለ፤ አይኤስኦ 8601 በፈረንጅ 2019 በወጣው ሁለተኛ ክፍሉ በማይታወቅ አሃዝ ቦታ የኤክስ ፊደል እንዲገባ ይፈቅዳል። አለማወቅንም መመዝገብ ይቻላል ማለት ነው።

ወዳጆቼ፣ እናንተም ቤት እንዲህ ያለ ወረቀት አይጠፋም። ስትገለብጡት ዓመቱን በግምት አትሙሉ። «ማክሰኞ» የምትለውን ቃል ደግሞ ምን ታደርጋለች ብላችሁ እንዳትጥሏት። እኔ ልጥላት ምንም አልቀረኝም ነበር።