የመረጃ አጠቃቀም ክሂል ትምህርት፤ ከቤተ መጻሕፍት አዳራሽ ወደ ዕለት ኑሮ

አዲስ ተማሪዎችን በቤተ መጻሕፍት አዳራሽ አስጎብኝቶ፣ የካርድ ማውጫውን ሣጥን አሳይቶ ማሰናበት በብዙ ዩኒቨርስቲዎች የቆየ ልማድ እንደ ነበር ይታወቃል። ይህን ልማድ ትተው ጉዳዩን በሙከራ ከመረመሩት አሜሪካውያን የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች አንዷ ፓትሪሺያ ናፕ ነበሩ። እኒህ ባለሙያ እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1962 በዲትሮይት ከተማ፣ በዌይን ስቴት ዩኒቨርስቲ ሥር በነበረው በሞንቲዝ ኮሌጅ ባካሄዱት ጥናት የቤተ መጻሕፍት አጠቃቀም ለብቻው ሳይሆን ከየኮርሱ ሥራ ጋር ተሳስሮ እንዲሰጥ አደረጉ። በእርሳቸው አስተያየት ተማሪው ሊማር የሚገባው መጽሐፍን ከመደርደሪያ ማውጣትን ሳይሆን ዕውቀት የተደራጀበትን መንገድ ነው። የመምህራኑን ትብብር ማግኘት ግን አስቸጋሪ ሆኖ ተገኝቷል፤ መምህር የኮርሱን ሰዓት ለሌላ ማካፈል የማይወድ መሆኑ የዲትሮይት ብቻ ጠባይ አይደለም። በኢንዲያና በሚገኘው በኧርልሃም ኮሌጅ ከ1962 ጀምሮ የቤተ መጻሕፍት ኀላፊ የነበሩት ኢቫን ፋርበርም ይህንኑ የመሰለ ሥርዐት ለረዥም ዘመን ሠርተውበታል።

ይሁን እንጂ የትምህርቱ መድረሻ በአብዛኛው የኮርስ ጥናት ጽሑፍ ነበር። ተማሪው ከተመረቀ በኋላ የታዘዘለትን መድኀኒት፣ የሚፈርመውን የኪራይ ውል ወይም የሚሰማውን የምርጫ ቅስቀሳ በምን መንገድ እንደሚመረምር የዋና ትኩረት ቦታ አልተሰጠውም።

«የመረጃ ማይምነትን ማጥፋት» ከሚለው ሐሳብ ጋር የተያያዘው ስያሜ ራሱ የተወለደው ከትምህርት ቤት ውጭ መሆኑ ሊታሰብበት ይገባል። በ1974 የመረጃ ኢንዱስትሪ ማኅበር ፕሬዚዳንት የነበሩት ፖል ዙርኮውስኪ ለአሜሪካ ብሔራዊ የቤተ መጻሕፍትና የመረጃ ሳይንስ ኮሚሽን ባቀረቡት ጽሑፍ ሕዝቡ በሙሉ እስከ 1984 ድረስ መረጃን ለሥራው መጠቀም እንዲችል ብሔራዊ ዘመቻ እንዲደረግ ሐሳብ አቀረቡ። የአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት ማኅበር ኮሚቴ በ1989 ባወጣው ሪፖርት ደግሞ ክሂሉ ለግል ኑሮ፣ ለሥራና ለዜግነት እንደሚያስፈልግ አብራራ። በ2000 ለከፍተኛ ትምህርት የወጡት 5 መስፈርቶች ግን ከ22 መለኪያዎች ጋር ስለቀረቡ ለፈታኝ እንጂ ለኗሪ የተመቹ አልነበሩም ለማለት ያስደፍራል።

በክፍል ውስጥም «ጸሐፊው ማን ነው? መቼ ተጻፈ? ገጹ በሥርዐት ተዘጋጅቷልን?» የሚል የጥያቄ ዝርዝር ተስፋፋ። ዝርዝሩ አሳታሚና የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ አስቀድመው ላበጠሩት ኅትመት ያገለግል ነበር፤ ማንም ገጽ ሊያሳምር በሚችልበት በኢንተርኔት ዘመን ግን ጉድለቱ ታየ።

በ2017 ሳም ዋይንበርግና ሣራ ማግሩ ያወጡት ጥናት ይህንን በግልጽ ያሳያል። ተመራማሪዎቹ 10 የታሪክ ሊቃውንትን፣ 10 የዜና እውነትነት መርማሪዎችንና 25 የስታንፎርድ ዩኒቨርስቲ ተማሪዎችን ከኮምፒዩተር ፊት አስቀምጠው ስለ ሕፃናት ጤና የሚጽፉ የሁለት ማኅበራትን ድረ ገጾች እንዲመዝኑ ጠየቋቸው። አንደኛው በ1930 የተመሠረተውና ከ60,000 በላይ አባላት ያሉት የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ሲሆን ሁለተኛው ከዚሁ ተገንጥሎ በ2002 የተቋቋመ አነስተኛ ማኅበር ነው። ተማሪዎቹ ገጹን ከላይ እስከ ታች እያነበቡ በአርማው፣ በማጣቀሻውና በአቀራረቡ ሲፈርዱ ከግማሽ የሚበልጡት ተገንጣዩን የተሻለ ታማኝ አድርገው ቈጠሩ። ከሊቃውንቱም የተሳሳቱ ነበሩ። መርማሪዎቹ ግን ገጹን ብዙም ሳያነቡ ትተውት ወጡ፤ ሌሎች ምንጮች ስለ ማኅበሩ ምን እንደሚሉ ጠይቀው በአጭር ጊዜ ትክክለኛው ፍርድ ላይ ደረሱ። ይህ ዘዴ የጎን ንባብ ተብሏል። የታመመ ሕፃን ይዞ ምክር ለሚፈልግ ወላጅ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የማርክ ጉዳይ አይደለም።

የ2000ው መስፈርት በ2016 ተሽሮ በሌላ የአስተሳሰብ ማዕቀፍ ተተካ። በ2019 ማግሩና ባልደረቦቻቸው የጎን ንባብን በሁለት ክፍለ ጊዜ ብቻ ለዩኒቨርስቲ ተማሪዎች አስተምረው መሻሻል መታየቱን ገለጹ። ትምህርቱ የተሰጠው በቤተ መጻሕፍት ጉብኝት ሳይሆን በመደበኛ የጽሕፈት ኮርስ ሰዓት ነበር።